ሰባት እጅና አንድ ፓምፕ

ጋሽ ገልገሎ ሰው የሚያስማማ መሪ አልነበረም።

ባለፈው ወር ነገሌ ሲቀበር የቀድሞ ባልደረቦቹ ያነበቡት የሕይወት ታሪክ ግን «በምክክር የሚያምኑ፣ የሁሉንም ሐሳብ አቀራርበው የሚወስኑ፣ በጫና ውስጥ የማይናወጡ ኃላፊ ነበሩ» ይላል። ያነበበው ሰው ድምፁ ያምራል። ለቀስተኛው በየነጠላ ሰረዙ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ከኋላ፣ ከቆሙት ባጃጆች አጠገብ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ውሸት። ሰውየው ቀና ማለት ቢችል ኖሮ አንባቢውን አቋርጦ «አይተሃል ወይስ ነግረውህ ነው?» ይለው ነበር። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ለአስተዳዳሪም፣ ለዘበኛም፣ ለሚስቱም።

ለማያውቁት ላስተዋውቅ። ገልገሎ ከነገሌ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም፤ እዚያ የተደረገው በየከተማው ስለሚደረግ የአንዷን ብቻ ስም ማንሳት አድልዎ ይሆናል። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ነው፤ ሞባይል አልደረሰልንም፣ ስልክ ለመደወል ቴሌ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነበር። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ በፖስታ ቤት ሥራ ከወሎ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። «የመምህራን ተወካይ» ተብዬ የከተማው ውሃ ቦርድ አባል ሆንኩ። ቦርድ ማለት በወር አንዴ ተሰብስቦ ሻይ በብስኩት የሚጠጣ ሰባት ሰው ነበር። ገልገሎ ጸሐፊያችን ነው። ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ድምፅ አይሰጥም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ከሰውነቱ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነበር። ናፍታ ናፍታ ይሸታል። እኛ አንቱ እያልን ጋሽ ገልገሎ እንለዋለን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ በበኩር ልጁ ስም አባ ጂሎ ይሉታል። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ከጨረሰው ተናዷል ማለት ነው። ከዱር የመጣ ሽማግሌ ሲያገኝ ሰላምታው አያልቅም፤ ስለ ሰውየው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ግጦሹ «ናጋ?» እያለ ሩብ ሰዓት ይቆማል። ባለሥልጣን ሲያገኝ ግን «አካም» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ማመስገን አያውቅም። ሰው ሲናገር ያቋርጣል። ሠራተኞቹ ላይ ይጮኻል። በአጭሩ፣ አብሮ ለመሥራት የሚመች ሰው አልነበረም፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉትም ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አባቱ ከከተማው ውጭ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ተራ ያዥ ነበሩ። በቦረና አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በድርቅ ቀን የማን መንጋ ቀድሞ፣ የማን ኋላ እንደሚጠጣ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ገልገሎ እንዳጫወተኝ አባቱ ጠዋት ጠዋት ተራ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ወደ ጉድጓዱ ወርደው ውሃውን ያዩ ነበር። ሌላ ሰው ወርዶ «ይህን ያህል አለ» ቢላቸው አይበቃቸውም። አርጅተው ጉልበታቸው እየከዳቸው እንኳ ይወርዱ ነበር። ልጃቸው ከዚህ የወረሰው አንድ ገመድ ነው። በየክንዱ የተቋጠረ፣ ጫፉ ላይ ክብደት እንዲሆን ዳዶ የታሰረበት ቀጭን የናይሎን ገመድ። ቁመቱ ፓምፑ እስካለበት ድረስ ነው። ገመዱን ወደ ጉድጓዱ ይለቅና ያወጣዋል፤ ከታች እርጥብ የሆነው ቋጠሮ ስንት እንደሆነ ይቆጥራል። ከፓምፑ በላይ ያለው ውሃ ያን ያህል ክንድ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ መለኪያ መሣሪያ ነበረው፤ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሁለት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ የቀረበት ዓመት መጣ። ከከተማዋ ሁለት ፓምፖች አንደኛው ያለ እረፍት ሲሠራ ከርሞ ተቃጠለ፤ ምትኩ ወራት ይፈጃል ተባለ። የቀረን አንድ ነው። ከብት አርቢዎቹ አጥንታቸው የሚቆጠር ላሞች እየነዱ ከተማው ዳር ሰፈሩ። የቦኖው የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ ከመስጊዱ እስከ ትምህርት ቤታችን አጥር ደረሰ።

በዚህ መሀል ገልገሎ በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፓምፑን ያጠፋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሰው ተሰልፎ እያለ፣ ጄኔሬተሩ ጸጥ ይላል። አራት ሰዓት ላይ ገመዱን ሲያወጣው እርጥቡ ሁለት ቋጠሮ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ካረፈ በኋላ ዘጠኝ ቋጠሮ ይሆናል። ሁለቱ ቋጠሮ ካለቀ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አየር የሳበ ፓምፕ እንደ ወንድሙ ይቃጠላል። ነገሩ ይኸው ነው። ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ጉድጓዱ ድረስ መሄድ ግን ያስፈልጋል።

ቢሮው በር ላይ እኛ ትምህርት ቤት የጣልነውን የተሰነጠቀ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር። ሌላው መሥሪያ ቤት «ተወስኗል» ብሎ ይለጥፋል፤ ማን እንደወሰነው እግዜር ይወቀው። የገልገሎ ሰሌዳ ግን እንዲህ ይላል፦ «ዛሬም ከአራት እስከ አሥር ፓምፑ ያርፋል። ካላረፈ ይቃጠላል። የወሰንኩት እኔ ነኝ። ስድብ ያለው ሰው ቢሮ አለሁ። ገልገሎ።»

ስድብ ያለው ሰው ሞልቶ ነበር። ከሁሉም ወይዘሮ አስካለ ትበልጣለች። ሻይ ቤት ነበራት፤ ያለ ውሃ ሻይ ቤት ምን እንደሆነ አስቡት።

«አንቱ ሰውዬ!» ትላለች ከበሩ ላይ። «እኛ በጥም ልናልቅ ፓምፑን ቀን በቀን ያስተኙታል? ፍራሽ ላምጣለት?»

«አምጪ፤ እኔ እተኛበታለሁ።»

«እርስዎማ ዓይንዎ መቼ ያፍራል!»

«ጨረሽ?»

«ገና ነኝ!»

«እንግዲያው ነገ ቀጥይ። አሁን ጀሪካንሽን ከፀሐይ አንሺው፣ ይሰነጠቅብሻል።»

ቅዱስ አላደርገውም። በዚያው ድርቅ ትልቅ ስህተት ሠርቷል። ሦስተኛው ቦኖ ዙሪያ መሬቱ ሁልጊዜ ረጥቦ ይታያል፣ ቧንቧው ያፈሳል ብለው ነገሩት። የዚያን ቀን ትኩሳት ነበረበት፤ ሳይሄድ ቦኖውን አስዘጋው። ሁለት ቀን ሙሉ የዚያ ሰፈር ሴቶች ከተማውን አቋርጠው ቀዱ። በሦስተኛው ቀን ሄዶ ሲያይ የሚያፈስ ቧንቧ የለም። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ከየጀሪካናቸው አንድ አንድ ጣሳ እየቀነሱ እዚያ በነበረ አሮጌ ገንዳ ውስጥ ለአርቢዎቹ ደካማ ላሞች ያፈሱ ነበር። መሬቱ የረጠበው ላሞቹ ሲጠጡ በሚያንጠባጥቡት ነው። የተራ ያዥ ልጅ፣ ከብት ሲጠጣ እያየ ያደገ ሰው፣ ለከብት የተሰጠ ውሃ ብክነት ነው ብሎ ዘጋ። ቢሮ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ሦስተኛውን ቦኖ የዘጋሁት ሳላየው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተከፍቷል። ገልገሎ» ብሎ ጻፈ። ከተማው ሳቀበት። የቦርዱ ሰብሳቢ የሆነው የከተማው አስተዳዳሪ ደግሞ ተቆጣ፤ «መሥሪያ ቤት ራሱን በአደባባይ ያዋርዳል እንዴ?» አለ።

ከዚያ እንግዶቹ መጡ። ማለቴ፣ ሊመጡ ነው ተባለ። ከተማው ዳር በኮንክሪት ምሰሶ ላይ አዲስ የውሃ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ነበር። ጥሩ ማጠራቀሚያ ነው፤ የሚያጠራቅመው ውሃ የለም እንጂ። ከላይ ያሉ ሰዎች ሊመርቁት ነው። ሰብሳቢው ድንገተኛ ስብሰባ ጠራን።

«በምረቃው ቀን ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ፏ ማለት አለበት» አለ። «ስለዚህ ፓምፑ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ማጠራቀሚያው ይሞላል። ቦኖዎቹ ለሦስት ቀን ይዘጋሉ። ሕዝቡ ይረዳናል።»

ገልገሎ ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መስሎን ነበር፤ ሲጨንቀው ይመላለሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎታል። ብስኩቱን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው መሀል ዘረገፈው። ውሃው ወደ ወረቀቶቻችን ሮጠ።

«ቁጠሩ» አለ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እርጥቡን ቁጠሩ።»

ማንም አልቆጠረም።

«ሁለት ነው። አሁን አራት ሰዓት ነው፣ ሁለት ነው። ሦስት ቀን ካላረፈ ያልቃል። ያለን እሱ ብቻ ነው።»

«አቶ ገልገሎ» አለ ሰብሳቢው፣ «የጠየቅንዎት ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን!»

«ፓምፑ ቀን አይቆጥርም።»

የሆቴል ባለቤቱ ሐጂ ኑሬ የነጋዴዎች ተወካይ ነበሩ። ለማብረድ ፈለጉ። «አባ ጂሎ፣ እንግዳ እኮ ነው። እንግዳ ሲመጣ እናንተ ቤት ወተት አይቀርብም?»

«ላሚቱ ካለች ይቀርባል» አለ ገልገሎ። «ላሚቱን አርደን ወተት እናቅርብ ነው የምትሉት።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ድምፅ እንስጥ። የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ።»

ሰባት እጅ ተነሣ። አንደኛው የእኔ ነው። ለምን እንዳነሣሁ ልንገራችሁ፤ ወደ ሐዋሳ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፣ ማመልከቻው ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ገመዱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ሁለቱን ቋጠሮ ሳልፈልግ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ገልገሎ ተቀምጦ በጥንቃቄ ጻፈ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ከዚያ መስመር ዘሎ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር አከለና ጮክ ብሎ አነበበልን፦ «ጸሐፊው ውሳኔውን መዝግቧል፤ አይፈጽመውም።» ፈረመ። ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ጄኔሬተሩ የሚነሣበትን ማኒቬላ ይዞ የፓምፕ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። ሰሌዳውንም እዚያው አምጥቶ ግድግዳውን አስደግፎታል፤ ቦርዱ ምን እንደወሰነ፣ እሱ ለምን እንደማይፈጽም ጽፎበታል። አሥር ሰዓት ሲሆን ያስነሣዋል፣ አራት ሰዓት ላይ ያጠፋዋል፣ ማኒቬላውን ይዞ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ሻይ አስመጣልኝ። የራሱን ብርጭቆ ሲያነሣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ጋሽ ገልገሎ፣ ፈርተዋል» አልኩት።

«ኤዬ፣ በጣም።» አላፈረም። «ሚስቴ ከቤት ስወጣ ጋቢ ያዝ፣ እስር ቤት ይበርዳል አለችኝ።»

«ቢሳሳቱስ? ሁለቱ ቋጠሮ ሦስት ቀን ቢያደርስስ?»

«ሊያደርስ ይችላል። አላውቅም» አለ። «ግን ቢቃጠል የሚጠማው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ባይሞላ የሚያፍረው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ሁለቱን ሳስተያይ የሚከብደኝ አንዱ ነው። አንተ የቱ ከበደህ?»

ሻዬን ጠጣሁ።

እዚያው እያለሁ ሁለት ፖሊሶች መጡ። የከተማው ልጆች ናቸው፤ አንደኛውን አስተምሬዋለሁ። አፍረው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «አባ ጂሎ፣ ማኒቬላውን ስጡንና እንሂድ» አሉት። እሱ ተነሥቶ ጋቢውን ማጣጠፍ ጀመረ። ማኒቬላውን ግን አልለቀቀም። ከቦኖው ሰልፍ ወይዘሮ አስካለ ባዶ ጀሪካኗን እያንጓጓች መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ልታመሰግነው የመጣች መስሎኝ ነበር።

«ወዴት ነው የምትወስዱት?» አለች ፖሊሶቹን። «ልቀቁት! ገና ሰድቤ አልጨረስኩም!»

አንዱ ፖሊስ ሳቀ። ሳቅ ደግሞ አደገኛ ነገር ነው፤ ከሳቁ በኋላ ሰው ማሰር ይከብዳል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በሩ ላይ ደርድረው ተቀመጡበት። ፖሊሶቹ ትእዛዝ ጠይቀው እንደሚመለሱ ነግረውን ሄዱ። አልተመለሱም።

እንግዶቹ በቀጠሯቸው መጡ። ከነገሌ አንድ ቦቴ ውሃ ጭኖ ደርሶ ከማጠራቀሚያው ጀርባ፣ ከፎቶው ውጭ ቆመ። ከቧንቧው ጋር በጎማ አያያዙት። ሪባኑ ሲቆረጥ ውሃው ፏ አለ፤ ለአንድ ጭብጨባ የሚበቃ ያህል። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እጆቼ በዚያ ሰሞን ሥራ አልፈቱም።

ፓምፑ አልተቃጠለም። ዝናብ እስኪጥል፣ ሁለተኛው ፓምፕ እስኪመጣ ከተማዋ ከዚያ አንድ ጉድጓድ ጠጣች። በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ቦርዱ ባሳለፈው ጥበብ የተሞላበት ውሳኔ የከተማው ውሃ ሳይቋረጥ ድርቁን መሻገር ተችሏል» የሚል ተጻፈ። ያ ቃለ ጉባኤ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሪፖርቱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ሁለት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰ። አንደኛው የእኔ ነው፤ ሐዋሳ። ሁለተኛው የገልገሎ ነው፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ዶሎ ኦዶ አጠገብ የመጋዘን ጠባቂ። ለሰላሳ ዓመት ውሃ ያየ ሰው ሲሚንቶ እንዲያይ ተላከ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አመራር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለማንበብ ጊዜ የሚሰጥ ሥራ ነበረኝ። ሥልጠናም ወስጃለሁ፤ ሆቴል ውስጥ፣ በእስክሪብቶና በማስታወሻ ደብተር፣ ከሁለት የሻይ እረፍት ጋር። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ መሪ በጫና ውስጥ ይረጋጋል፣ ያማክራል፣ መግባባት ይፈጥራል። እኔ ያየሁት ከዚህ የተለየ ነው። የተረጋጋነው እኛ ነበርን። ሰባታችንም እንደ ሐውልት ተረጋግተን፣ ተማክረን፣ በፍጹም መግባባት ከተማውን ውሃ ልናሳጣ ነበር። የተናወጠው እሱ ነው። የተንቀጠቀጠው፣ ሽንት ቤት የተመላለሰው፣ ሻይ የደፋው እሱ ነው። ልዩነታችን የድፍረት አይመስለኝም። እሱ ከመወሰኑ በፊት ሄዶ ያያል፤ ከወሰነ በኋላ ስሙን ይጽፋል። እኛ ሁለቱንም አናደርግም። ይህን ለመማር ሆቴል አያስፈልግም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘሁት ቡሌ ሆራ መናኸሪያ ውስጥ ነው። እሱ ሸብቷል፣ እኔ ወፍሬያለሁ። «አስተማሪው!» ብሎ ጠራኝ። የዚያን ቀን ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ልጆቼን፣ ሚስቴን፣ ሐዋሳን፣ ሐይቁን ሳይቀር «ናጋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለባለሥልጣን የሚሰጠውን አጭሩን ስላልሰጠኝ ደስ አለኝ። ያን ስብሰባ ላነሣ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ያን ቀን አይቼሃለሁ» አለ። «የአንተ እጅ ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ብላ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ዝቅ ብላ ነበር» አለ ትከሻዬን እየያዘ፣ «ግን ቆጠሯት።»

ይቅርታ ልጠይቀው የሚገባኝ ያኔ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። እኔ ግን «ዘንድሮ እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩት። ትንሽ አየኝ፣ ስለ ዝናቡ በደንብ አድርጎ መለሰልኝ፣ የነገሌ መኪና ረዳት ሲጮህ ዘንቢሉን አንሥቶ ሄደ። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኝ፣ የእኔንም ወስዶ ነበር። ስንት ዓመት ስልኬ ውስጥ ይዤው ኖርኩ፤ ስልክ በቀየርኩ ቁጥር እሱንም ወደ አዲሱ እየገለበጥኩ። አንድም ቀን አልደወልኩም። ባለፈው ወር የተደወለው ከዚያ ቁጥር ነው። ልጁ ጂሎ ነበር፤ አባቱ ማረፉን ሊነግረኝ።

ስለተናዘዝኩ እንዳታመሰግኑኝ፤ የሚሰማው ሰው ካለፈ በኋላ መናዘዝ ቀላል ነው። እናንተም ግን አንድ ሰው አላችሁ። እውነቱን እያወቃችሁ በስብሰባ መሀል እጃችሁን ያነሣችሁበት፣ ወይም ዝም ያላችሁበት፣ እስከ ዛሬ ሲያገኛችሁ ስለ ዝናብ የምታወሩት ሰው። ስሙ አሁን ፊታችሁ መጥቷል። ስልካችሁን አውጡና ደውሉለት። ነገ አትበሉ፤ አሁን ደውሉለትና «አጥፍቼ ነበር፣ አውቄ ነው» በሉት።